የዳናው ዐረብኛና የጅዳው ዐረብኛ

የጁ ዐረብኛ የለመደው ዛሬ አይደለም። ዳና ላይ ደረሶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፊቅህና ነህው ቀርተዋል። በኪታቡ «ምን» ማለት «ማዛ» ነው። ከመርሳ፣ ከሀብሩና ከወልዲያ ጅዳ የገቡት እህቶቻችን የሰሙት ግን «ኤሽ» ነው፤ «አሁን» ደግሞ «ዳሂን»። ይህን ያስቀራቸው ሼህ የለም። በሰው ማድ ቤት፣ እየተቆጧቸው፣ ከአፍ ለቀሙት። (እኛ ስንት ዓመት ተምረን እንግሊዝኛ ያንቀናል!)

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ «ከፊል» እና «ኢቃማ» አብረው መጡ።

ታዲያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠየቀ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው፣ የጅዳን ዐረብኛ እንደ ውሃ የምታንቆረቁረው እህታችን፣ በሕጉ ፊት ያልተማረች ሆነች።