የአንድ ዕጢ ታሪክ፦ ከናፖሊ እስከ ቡሌ

ቡሌ ላይ አገጯ ላይ ጠጉር የበቀለባት፣ የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት ብትኖር ለማን ትነግራለች? ለማንም ሳትናገር እንዳትቀር እንፈራለን። ሐፍረቱ ግን የቡሌ ብቻ አይደለም፤ ሩቅ አገርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1865 ናፖሊ ውስጥ ሉዊጂ ደ ክሬኪዮ የተባለ ሐኪም የጁሴፔ ማርዞን አስከሬን መረመረ። ማርዞ ሲወለድ ሴት ተባለ፤ በአራት ዓመቱ ደግሞ "ወንድ ነው" ተባለና ዕድሜውን ሙሉ ወንድ ሆኖ ኖረ። ሆዱ ሲከፈት ማሕፀንና እንቁልጢዎች ተገኙ! ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ከልክ በላይ ተልቀው ነበር።

ፈውሱ 85 ዓመት ዘገየ። በ1950 ባልቲሞር ላይ ሎውሰን ዊልኪንስ ኮርቲዞን ሰጥቶ የወንድ ሆርሞኑ ሲወርድ አየ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 21-ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም በውርስ ሲጎድል ዕጢው ኮርቲሶል መሥራት ያቅተዋል። አንጎል "ጨምር!" እያለ ያስጨንቀዋል፤ ዕጢው ያብጥና ጥሬ ዕቃው ሁሉ ወደ ወንድ ሆርሞን ይዞራል።

የሚያደናግረው ቀለል ያለው ዓይነት ነው። አዋቂ ሴት ላይ ሲታይ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ከሚባለው ሕመም በዓይን አይለይም። የሚለየው የወር አበባ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በማለዳ በሚወሰድ ደም ነው። 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን በዴሲሊትር ከ200 ናኖግራም ካለፈ ያጠራጥራል፤ ኤሲቲኤች ተወግታ ከ60 ደቂቃ በኋላ ከ1000 ከበለጠ ነገሩ ለየ።

ጉድለቱ የሚወረሰው ከእናትም ከአባትም ነው። "መካን" የሚለው ስም ግን እሷ ላይ ብቻ ይለጠፋል፤ ታክመው የወለዱ ብዙ እያሉ። ከቡሌ ዲላ የምትወርድ እህታችን የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ትያዝ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።