ወሬ በቀፊራ፦ ከዳጉ እስከ ተንቀሳቃሽ ስልክ



የተሰጠኝ ርእስ «ጋዜጠኝነት በዲጂታል ዘመን» የሚል ነው። የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ ግን ነገሬን ከቀፊራ ገበያ እጀምራለሁ። ምክንያቴ የከተማ ፍቅር ብቻ አይደለም። በደቻቱ ወንዝ አጠገብ በመጋላ በኩል ያለው ይህ ገበያ፣ አፋሩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው ከሸቀጥ ጋር ወሬ ሲለዋወጡበት የኖሩበት ስፍራ ነው። «ወሬ» የሚለው ቃል ዛሬ ወደ ሐሜት ተጠግቷል፤ በቀደመው አማርኛ ግን ስለ አገርና ስለ ሰው የሚነገር፣ ተጠይቆ የሚመለስ ቁም ነገር ነበር።

ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል የአፋሮች ሥርዓት ለዛሬው ጉዳያችን እጅግ ይጠቅማል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ዐረፍ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ስሙም ዳጉ ይባላል። ስለ ዝናብና ግጦሽ፣ ስለ ሞትና ግጭት፣ ስለ ገበያ ዋጋ ይነገርበታል። ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ አይደለም። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማ እንደሆነም ከማን እንደ ሰማ ይጠየቃል። የሐሰት ዳጉ ያደረሰ ሰው በጎሳው ዘንድ አመኔታ ያጣል፣ በባህላዊው ሕግም ይቀጣል። እኛ በክፍል ውስጥ «ምንጭ መጥቀስ» እና «መረጃ ማጣራት» እያልን የምናስተምረውን፣ ማተሚያ ያላየ አርብቶ አደር በቃል ሥርዓት አጽንቶ ኖሯል።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማችን ተቆረቆረች፤ ወደ አዲስ አበባ እስኪዘልቅም ዓመታት ስለ ፈጀ የባሕር ማዶ ጋዜጣና ደብዳቤ የሚራገፈው እዚሁ ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጀመሩ፤ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤታቸውም በድሬዳዋ ሠራ። በአዲስ አበባ «አእምሮ» በእጅ እየተጻፈ ከተጀመረበት ጊዜ ብዙም የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያን የጋዜጣ ታሪክ ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚጀምሩ ጽሑፎች ይህን የምሥራቅ ክንፍ ሲዘነጉ ቅር ይለኛል።

በዚህች ከተማ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ የሠራ አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በ1919 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነቱ ያረፈው ይህ ሊቅ የሚታወሰው በኢኮኖሚ አስተሳሰቡ ነው። እኔ ዛሬ የምፈልገው ግን በ1912 እ.ኤ.አ. በአሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ውስጥ ስለ ታሪክ ጸሐፊ የተናገረውን ነው። በራሴ ቃል ልግለጸውና፣ ለጸሐፊ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላል፤ የተደረገውን አስተውሎ የሚያይ ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን አጥርቶ የሚገልጽ ቋንቋ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ሆኖም ለዲጂታሉ ጋዜጠኛ ከዚህ የተሻለ የችሎታ መመዘኛ አላገኘሁም።

የመጀመሪያውን እንውሰድ። ካሜራ የያዘ ሁሉ ያየ ይመስለዋል። አንድ ምስል በቴሌግራም «ደቻቱ ሞልቶ ቀፊራን አጥለቀለቀ» ተብሎ ቢመጣ፣ አስተዋዩ ጋዜጠኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወሩን ነው። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በታኅሣሥ የተለቀቀ የጎርፍ ምስል ከሆነ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ያየዋል፦ የገበያው ቅስት በር አለ? የሱቆቹ ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? ጥላው የጠዋት ነው የማታ? ምስሉ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ወጥቶ እንደ ሆነ በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ ማመሳከር ይቻላል። መሣሪያውን በአንድ ሳምንት ሥልጠና ማስተማር አይከብድም፤ አገሩን ማወቅ ግን በሥልጠና አይገኝም። በድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚሰማ ዘጋቢ ከማናቸውም ሶፍትዌር ይበልጣል። ምክንያቱም በአንዱ ቋንቋ የተለቀቀ የድምፅ መልእክት በሌላው ቋንቋ ሲተረጎም ነው ብዙ ጊዜ መርዙ የሚጨመርበት።

ስለ ጎርፍ ካነሣሁ የእውነቱን ላንሣ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎች በዚህች ከተማ ሕይወታቸውን አጡ። በዚያን ጊዜ የስልክ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው በአዲሱ ሚሌኒየም መባቻ ነው። መልእክቱ ቢኖር ሰዎች ይተርፉ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ሌሊት ነው፣ ጎርፉም ፈጣን ነው። የምለው ሌላ ነው። ፖለቲካዊ ቅስቀሳን ለመከልከል የተዘጋ መንገድ ለአደጋ ጥሪም የተዘጋ መንገድ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት በአገሪቱ ሲቋረጥም ሐሰተኛውን ወሬ የሚያስተባብለው ጋዜጠኛ አብሮ ዝም አለ፤ በአፍ የሚዞረው ወሬ ግን ኔትወርክ አያስፈልገውም።

ይህን ስል የሐሰት ወሬን ጉዳት እያቃለልሁ አይደለም። በርካታ ብሔረሰቦች ጎን ለጎን በሚነግዱበት ገበያ አንድ የሐሰት መልእክት ሱቅ ሊያዘጋ፣ ሰው ሊያስገድል ይችላል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብዳል። ብዛትን መመዘኛ ማድረጉ ይገባኛል። በእኛ ከተማ ግን የሚያስፈራው ብዙ ጊዜ ሃምሳ ሰው ያለው የሰፈር ቡድን ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ውስጥ ሰው የሚያምነው ዘመዱንና ጎረቤቱን ነው። ዳጉ የሚጠይቀውን፣ «አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን?» የሚለውን፣ «የተላለፈ መልእክት» የሚል ምልክት ብቻ አይመልሰውም። ከዘመናችን የጎደለው የወሬ አምጪው ስም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማስታወቂያ ገቢ መሸሽ፣ ስለ ደመወዝ ማነስ፣ ስልክ ስለማያነሣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሌሎች ይናገራሉ፤ እኔ በሙያዬ የሚያሳስበኝን አንድ ነገር ላክል። የሚሲዮናውያኑን የዚያ ዘመን ኅትመት ዛሬም በቤተ መጻሕፍት ይዤ ማንበብ እችላለሁ። በ2012 ዓ.ም. ስለዚህች ከተማ በፌስቡክ ከተለቀቀው ግን ብዙው ተሰርዟል፣ ተቀይሯል፣ ወይም ገጹ ተዘግቷል። የተስተካከለ ዜና ምን ተስተካክሎበት እንደ ነበረ ሳይጻፍ በፊተኛው ላይ ይደረባል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የድሬዳዋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ በምን ያውቃል? የጋዜጠኝነት ተማሪዎቻችን የሚዘግቡትን ከነቀኑና ከነእርማቱ፣ የታሪክ ተማሪዎቻችንም በየሰፈሩ ቡድን የሚዞረውን የሰዎችን ስምና ሚስጥር ጠብቀው ቢያስቀምጡ፣ ሥራው ከዚህ ሴሚስተር ሊጀመር ይችላል። ለዚህ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ እና ቀን መመዝገቢያ ደብተር ይበቃል። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።