ማስቲሹ እስኪደርቅ

እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ ብስክሌተኛ ጎማው ተንፍሶበት ክሌርሞን-ፌራን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ወደሚገኘው የሚሽሊን ወንድማማቾች ፋብሪካ ጎራ አለ። ፋብሪካው የእርሻ መሣሪያና የላስቲክ ፍሬን ያመርት ነበር እንጂ ጎማ መጠገን ሥራው አልነበረም።

ያስቸገረው ቀዳዳው ራሱ አይደለም። የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ የፈለሰመው በአየር የሚነፋ ጎማ ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ ነበር። ፈልቅቆ መጠገኑ 3 ሰዓት ፈጀ፤ ማስቲሹ እስኪደርቅም ሌሊቱን ማሳደር ግድ ሆነ። በማግስቱ ኤዱዋር ሚሽሊን ብስክሌቱን ሊሞክር ወጣ። ብዙም ሳይርቅ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህስ አይረባም» ብሎ ይተወው ነበር፤ እሱ ግን ምቾቱን ወደደውና ማንም በደቂቃዎች ፈቶ የሚጠግነው ጎማ ለመሥራት ተነሣ።

በ1891 ተሳካለት። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚሁ ጎማ ከፓሪስ ብረስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋልቦ አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት ወንድማማቾቹ ራሳቸው ባዘጋጁት ውድድር መንገዱ ላይ ሚስማር አስበተኑ! ተንኮል ቢመስልም ዓላማው ጥገናው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ማሳየት ነበር።

ወደ መኪና ሲመጣ ነገሩ ከበደ። በ1895ቱ የፓሪስ–ቦርዶ–ፓሪስ ውድድር ወንድማማቾቹ በአየር በተነፋ ጎማ የምትሄድ መኪና ራሳቸው ነዱ፤ ጎማው ደጋግሞ ፈነዳባቸው፣ አላሸነፉምም። መኪኖች ያኔ ተጠባባቂ ጎማ አልነበራቸውም። ሹፌሩ አቧራ ላይ ተንበርክኮ ካላማዳሪውን መለጠፍ ነበረበት። በ1904 የዌልስ ከተማ ላኔሊ ነዋሪ የሆኑት የዴቪስ ወንድማማቾች በተነፈሰው ጎማ ጎን የሚታሰር፣ ቀድሞ የተነፋ ጎማ ይዘው ብቅ አሉ።

በኢትዮጵያ የጎሚስታ ሙያ የተስፋፋው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ካስገቧቸው የጭነት መኪኖችና ከጠረጓቸው መንገዶች ጋር ነው። ያለ ረዳትና ያለ ክሪክ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሹፌር አልነበረም። ካላማዳሪው ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ቁራጭ ላስቲክ ይለጠፍበታል። ካላማዳሪ አልባው ጎማ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከአዳዲስ መኪኖች ጋር መሸጥ ሲጀምር ይህ ሁሉ አሠራር አጠረ፤ አብዛኛውን ቀዳዳ ጎማው ከቸርኬው ሳይወልቅ መድፈን ተቻለ። ከባድ መኪና የሚጠግን ጎሚስታ ግን ዛሬም ጋኑን ውሃ ሞልቶ ይጠብቃል።