የማሽን ምስክርነትና የደንበኛ ቃል፦ የክፍያ ሥርዓት ደረጃዎች አጭር ታሪክ

ባንክ ገንዘብን በሰው እጅ ብቻ ይከፍል በነበረበት ዘመን በደንበኛና በባንክ መካከል ክርክር ቢነሣ የሚመረመረው ነገር ግልጽ ነበር። ደንበኛው የፈረመበት ወረቀት ከመዝገብ ቤት ይወጣል፤ ፊርማው ከናሙናው ጋር ይመሳከራል፤ ገንዘብ ከፋዩም ማንን አይቶ እንደ ከፈለ ይጠየቃል። በእንግሊዝ አገር በ1882 የወጣው የሐዋላ ወረቀቶች ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተጻፈ ፊርማ ዋጋ እንደሌለው ስለ ደነገገ፣ በደንበኛው ስም በተጭበረበረ ፊርማ የከፈለ ባንክ ኪሳራውን በመሠረቱ ራሱ ይሸከም ነበር። ስለዚህ ባንኮች ፊርማን አጥብቀው እንዲመረምሩ ያደረጋቸው የሠራተኞቻቸው ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ሕጉ የጣለባቸው ኃላፊነት ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽን በገንዘብ ከፋዩ ቦታ ከቆመ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የተካሄደው ክርክር በመልኩ የቴክኒክ ነው፤ ስለ ቁልፍ ርዝመት፣ ስለ ማግኔት መስመር፣ ስለ ቺፕና ስለ ደረጃዎች ይወሳበታል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን አሮጌ ነው፤ ይኸውም ደንበኛው «እኔ አላወጣሁም» ሲል የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? የሚለው ነው።

ከኤንፊልድ እስከ ማግኔት መስመር

ጁን 27 ቀን 1967 በሰሜን ለንደን በምትገኘው ኤንፊልድ የባርክሌይስ ባንክ ቅርንጫፍ በግድግዳው ላይ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ተከለ። ማሽኑን የሠራው ደ ላ ሩ የተባለው ኩባንያ ሲሆን የሥራው መሪ ጆን ሼፐርድ ባረን ነበሩ። በዚያን ጊዜ የፕላስቲክ ካርድ ገና አልተለመደምና ደንበኛው ያስገባ የነበረው ካርቦን 14 የተቀባ ልዩ ወረቀት ነው፤ ማሽኑም ወረቀቱን ለይቶ 10 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1966፣ ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎ ካርድንና የምሥጢር ቁጥርን አንድ ላይ ስለሚጠቀም ማሽን የባለመብትነት ማመልከቻ አስገብተው ነበር።

በዚያች ቀን ከባንኩ መስኮት የጠፋው ምስክሩ ነው። ማሽን መልክ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ባለ 4 አኃዝ የምሥጢር ቁጥር 10,000 አማራጮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ጥበቃው ጠንካራ የሚሆነው ማሽኑ ከጥቂት ስሕተት በኋላ ካርዱን የሚከለክል ከሆነና ቁጥሩንም ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያውቀው ከሆነ ነው። ቀጥሎ የመጣው ማግኔታዊ መስመር ያለው ካርድ ደግሞ የራሱ ድካም ነበረበት። በመስመሩ ላይ የተጻፈው መረጃ የማይለወጥ በመሆኑ አንድ ጊዜ የተነበበ ካርድ በሌላ ካርድ ላይ ሊገለበጥ ይችላል፤ ማሽኑም ዋናውን ከግልባጩ ሊለይ አይችልም።

የቁልፍ ርዝመት ክርክር

ከማሽኑ ወደ ባንኩ ኮምፒዩተር የሚሄደው መረጃ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የምሥጢር ጽሕፈት ስልት አስፈለገ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ በሜይ 1973 ለዚህ የሚሆን ስልት እንዲቀርብለት ጥሪ አደረገ። በመጨረሻ የተመረጠው በሆርስት ፋይስተል ሥራ ላይ የተመሠረተው የአይ.ቢ.ኤም ስልት ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1977 ዴስ በሚል ምሕጻር የመንግሥት ደረጃ ሆኖ ታወጀ። ባንኮችም ተቀበሉት።

የስልቱ ቁልፍ 56 ቢት ርዝመት ነበረው። ይህም ከ72 ሺሕ ትሪሊዮን በላይ የተለያዩ ቁልፎች ማለት ነው። ቁጥሩ ለተራ ሰው የማያልቅ ቢመስልም ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በዚያው በ1977 ተቃውሟቸውን አሳተሙ። በስሌታቸው መሠረት 20 ሚሊዮን ዶላር የሚወጣበት ማሽን ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሞክር ይችል ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ግምቱን አልተቀበሉትም። 21 ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1998፣ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ባሠራው ማሽን አንድ ቁልፍ በ56 ሰዓት ውስጥ ተገኘ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው ደረጃ የወጣበት ቀን እንዳለው ሁሉ የሚያረጅበትም ቀን ያለው መሆኑ ነው። ባንኮች ስልቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ወደ መጠቀም የተሻገሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው በግልጽ የታተመ ስልት በግልጽ ሊመረመር የሚችል መሆኑ ነው። ተተኪው ስልት የተመረጠው በ1997 በታወጀ ዓለም አቀፍ ውድድር ሲሆን፣ 15 እጩዎች ተወዳድረው የሁለት ቤልጅጋውያን ሥራ በ2001 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

ሁለት አገሮች፣ ሁለት ፍርዶች

የምሥጢር ጽሕፈቱ ክርክር በሊቃውንት መካከል ሲካሄድ፣ ደንበኛውን የሚነካው ክርክር በፍርድ ቤት ይካሄድ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1978 ስለ ኤሌክትሮኒክ የገንዘብ ዝውውር ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ደንበኛው ዝውውሩን አልፈቀድኩም ካለ፣ የተፈቀደ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የባንኩ ነው፤ ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያስታወቀ ደንበኛም የሚደርስበት ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም።

በ1980 አንዲት የኒው ዮርክ ነዋሪ በሁለት የተለያዩ ቀናት በድምሩ 800 ዶላር ከሒሳቧ መውጣቱን ተመልክታ ባንኳን ከሰሰች። ገንዘቡ ወጣ በተባለበት ሰዓት በሥራዋ ላይ እንደ ነበረች የሚገልጽ የአሠሪዋን ደብዳቤ አቀረበች። ባንኩ ደግሞ ካርዷና የምሥጢር ቁጥሯ ጥቅም ላይ መዋላቸውን የሚያሳይ የኮምፒዩተር መዝገብ አቀረበ። ዳኛው የታመነ የሰው ምስክርነት ማሽን በሰጠው ቃል ብቻ ሊሻር አይገባም በማለት ለከሳሿ ፈረዱ።

በብሪታንያ ግን የዚህ ዓይነት ሕግ ስላልነበረ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1992 አንድ የፖሊስ ባልደረባ በስድስት ጊዜ ያላወጣው ገንዘብ ከሒሳቡ እንደ ጎደለ ለገንዘብ ተቋሙ አመለከተ። ተቋሙ ሥርዓቱ እንከን የለበትም የሚል አቋም በመያዙ አመልካቹ ራሱ በማጭበርበር ሙከራ ተከሰሰ፤ በ1994ም ጥፋተኛ ተባለ። ፍርዱ የተሻረው በ1996 ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት የተከላካዩ ባለሙያ የተቋሙን የኮምፒዩተር ሥርዓት እንዲመረምር ቢፈልግም ተቋሙ እምቢ አለ፤ ዳኛውም ያልተመረመረ ማሽን ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም ብለው መዝገቡን ውድቅ አደረጉት። ሰውዬው አራት ዓመት ሙሉ ስሙን ለማጽዳት የተከራከረው «እኔ አላወጣሁም» በማለቱ ነበር።

ያ ባለሙያ የኬምብሪጁ ሮስ አንደርሰን ነበሩ። አንደርሰን በ1993 ባሳተሙት ጥናት የባንክ ማሽኖች የተጠቁት ረቂቅ በሆነ የሒሳብ ጥበብ ሳይሆን በአብዛኛው በተራ ጉድለት መሆኑን አሳዩ። ሙሉ የሒሳብ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ መሬት ላይ ይጣላል፤ በሰልፉ ውስጥ የቆመ ሌባ የምሥጢር ቁጥሩን በትከሻ በኩል አይቶ ደረሰኙን ያነሣል፤ ከዚያም ባዶ ካርድ ላይ ይጽፈዋል። አንደርሰን ቆየት ብለው እንዳስረዱት፣ ኪሳራው ለደንበኛው ሊተላለፍ የሚችል ከሆነ ባንኩ ሥርዓቱን ለማረም የሚገፋፋው ምክንያት ይዳከማል። የአማርኛው ተረት «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አጥሩ እንዲነቀነቅ ምክንያት የሆነው ባለቤቱ ራሱ አጥሩን አለመመርመሩ ነው።

በደረጃው ውስጥ የነበረ ቀዳዳ

ደረጃን ማክበር ሁልጊዜ በቂ አለመሆኑን በይበልጥ ያሳየው በ2003 የታተመ ሌላ የኬምብሪጅ ጥናት ነው። በብዙ ባንኮች የምሥጢር ቁጥር ይወጣ የነበረው የደንበኛውን የሒሳብ ቁጥር በምሥጢር ቁልፍ በመለወጥ ነው። የለውጡ ውጤት አኃዞችንና ፊደሎችን የተቀላቀለ ስለሚሆን ፊደሎቹን ወደ አኃዝ የሚመልስ አንድ ሰንጠረዥ አብሮ ይሰጣል። ቁልፉ የተጠበቀው በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ ነበር፤ ሰንጠረዡን ግን መሣሪያውን የሚያዝዝ ሠራተኛ እንደ ፈለገ ሊለውጠው ይችል ነበር። ማይክ ቦንድና ፒዮትር ዚየሊንስኪ እንዳረጋገጡት፣ ሰንጠረዡን እየለዋወጠ «ልክ ነው» እና «ልክ አይደለም» የሚለውን መልስ የሚያነብ የውስጥ ሰው አንድን የምሥጢር ቁጥር በአማካይ በ15 ሙከራ ያገኘዋል፤ በተራ መሞከር ግን በአማካይ 5,000 ሙከራ ያስፈልግ ነበር። መሣሪያው የሠራው እንደ ታዘዘው ነው፤ ቀዳዳው በትእዛዙ አወጣጥ ላይ ነበር።

የማግኔት መስመርን ድካም ለማስወገድ ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ በ1990ዎቹ ዓመታት የቺፕ ካርድ የጋራ ደረጃ አወጡ። ቺፑ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተለየ ምሥጢራዊ ማረጋገጫ ስለሚያሰላ መገልበጡ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። ይህ ያለ ጥርጥር ታላቅ መሻሻል ነው። በብሪታንያ ከፌብሩዋሪ 14 ቀን 2006 ጀምሮ ደንበኛ በሱቅ ውስጥ በፊርማ ፋንታ የምሥጢር ቁጥሩን እንዲያስገባ ተደረገ። ከዚህም ጋር የምሥጢር ቁጥር ገብቷል የሚል መዝገብ የደንበኛው ቸልተኝነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ጀመር።

በ2010 ግን መርዶክ፣ ድሪመር፣ አንደርሰንና ቦንድ በካርዱና በንባብ መሣሪያው መካከል የሚገባ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተው አሳዩ። መሣሪያው ለካርዱ «ክፍያው በፊርማ ነው» ይለዋል፤ ለንባብ መሣሪያው ደግሞ «የምሥጢር ቁጥሩ ትክክል ነው» ይለዋል። ስለዚህ በተሰረቀ ካርድ ማናቸውንም አራት አኃዝ በማስገባት መክፈል ይቻላል፤ በመዝገቡም ላይ የምሥጢር ቁጥሩ እንደ ተረጋገጠ ሆኖ ይጻፋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የብሪታንያ ካርድ አውጪዎች ማኅበር በዚሁ ጉዳይ የተጻፈ አንድ የተማሪ ጥናት ከሕዝብ ዓይን እንዲወገድ ዩኒቨርሲቲውን ጠየቀ፤ አንደርሰንም ጥያቄውን አልተቀበሉትም። ጥናቱ ቢደበቅ ኖሮ ሌባው አይማርም ነበር የሚለው ሐሳብ ብዙም አልቆየም። በ2011 በፈረንሳይ በተደረሰበት አንድ ወንጀል ሌቦች በተሰረቁ ካርዶች ላይ ሁለተኛ ቺፕ በመለጠፍ ይህንኑ ዘዴ ሠርተውበት ተገኙ። በ40 ካርዶች 7,000 ያህል ክፍያዎች ተፈጽመው ወደ 600,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ተወስዶ ነበር።

የምስክር ወረቀቱና እውነተኛው ጥበቃ

በዲሴምበር 2004 ትልልቆቹ የካርድ ኩባንያዎች የካርድ መረጃ ለሚይዙ ድርጅቶች ሁሉ የሚያገለግል አንድ የጋራ የጥበቃ ደረጃ አወጡ። ደረጃው 12 ዋና ዋና ግዴታዎች አሉት፤ የኮምፒዩተር መረብን ማጠር፣ የተከማቸ መረጃን በምሥጢር መጠበቅ፣ የሠራተኞችን መዳረሻ መወሰን፣ ሥርዓቱን በየጊዜው መፈተሽና የመሳሰሉት ናቸው። ትልልቅ ድርጅቶች በየዓመቱ በመርማሪ እየታዩ የምስክር ወረቀት ያገኛሉ። ይህ ደረጃ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ነጋዴዎች የደንበኞቻቸውን የካርድ ቁጥር ያለ አንዳች ጥበቃ ያከማቹ ስለ ነበር ጥቅሙ ሊካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ በጃንዋሪ 2009 ሃርትላንድ የተባለው የአሜሪካ ክፍያ አስተላላፊ ድርጅት መረቡ በሌቦች መደፈሩን አስታወቀ፤ የተጋለጡት ካርዶችም 130 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ድርጅቱ ደረጃውን ያሟላ ተብሎ ተመስክሮለት ነበር። ቪዛ ከአደጋው በኋላ ስሙን ደረጃውን ካሟሉት ዝርዝር ሰረዘው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መርማሪ የሚያየው ሥርዓቱ በተመረመረበት ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው፤ ሌባ ግን በማናቸውም ቀን ይመጣል። ኪሳራውን የቀመሰው ይኸው ድርጅት ከዚያ በኋላ ደረጃው ከሚጠይቀው አልፎ የካርዱ መረጃ ከተነበበበት ቅጽበት ጀምሮ በምሥጢር ጽሕፈት የሚጓዝበትን ዘዴ ለነጋዴዎች አቀረበ። የምስክር ወረቀቱ ያላስደረገውን ኪሳራው አስደረገው።

ማጠቃለያ

የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ባወጣው የክፍያ አገልግሎት መመሪያ የክፍያ መሣሪያው ጥቅም ላይ መዋሉ በመዝገብ መታየቱ ብቻ ደንበኛው ክፍያውን ለመፍቀዱ የግድ በቂ ማስረጃ እንደማይሆን ደነገገ። በዚህም በ1980 የኒው ዮርኩ ዳኛ የደረሱበት ሐሳብ ከ27 ዓመታት በኋላ የብዙ አገሮች ሕግ ሆነ።

በኢትዮጵያም ስለ ብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ወጥቷል፤ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ በመጀመሩ የባንክ መስኮት ቀርበው የማያውቁ ብዙ ሰዎች በምሥጢር ቁጥር ገንዘብ መላክና መቀበል ጀምረዋል። ቁጥሩን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ነግረው የሚያስልኩ አረጋውያን በሚኖሩበት አገር፣ በለንደንና በኒው ዮርክ የተነሣው ጥያቄ ሩቅ ጥያቄ አይደለም።

መሐንዲስ ሥርዓቱን በመርማሪ ፊት ሲያቀርብ እያንዳንዱ የደረጃው አንቀጽ መሟላቱን ማሳየት ግዴታው ነው። ከላይ የተመለከተው ታሪክ የሚያስተምረው ግን ከዚህ የከበደ ሌላ ፈተና መኖሩን ነው። አንድ ደንበኛ ቀርቦ «እኔ አላወጣሁም» ባለ ጊዜ ሥርዓቱ እውነቱን ለይቶ ሊያሳይ ይችላልን? መዝገቡስ ባንኩን ብቻ ሳይሆን ያልበደለውንም ደንበኛ ነፃ ሊያወጣ ይችላልን? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሥርዓት የሚነደፈው ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።