አፋን ኦሮሞ ወደ መጽሐፍ የገባበት ታሪክ

ከተማችን ለገጣፎና ጎረቤቷ ለገዳዲ ስማቸውን ያገኙት ከአፋን ኦሮሞ ነው። «ለገ» ወንዝ ማለት ሲሆን፣ «ዳዲ» ደግሞ ጠጅ ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በየቀኑ የምንጠራው ይህ ቋንቋ ወደ መጽሐፍ እንዴት እንደ ገባ ለአንባቢያን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር የተወለደው ሂካ በሕፃንነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቆ ብዙ ጊዜ ተሸጠ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በኋላም ኦኔሲሞስ ነሲብ ተባለ። ሂካ ማለት ተርጓሚ ነው፤ እርሱም እንደ ስሙ ሆነ። ሆኖም ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለ ነበረ የቋንቋውን ጥልቀት የምታውቅ ረዳት አስፈለገችው። ይህችም እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች። አስቴር አምስት መቶ ያህል ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አገባች። ሁለቱም በግእዝ ፊደል እየጻፉ በ1894 የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ ተተርጉሞ በ1899 ታተመ።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ያገኘ ቋንቋ ሁሉ ትምህርት ቤት አያገኝም። በ1944 የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። «በሪሳ» የተባለው ጋዜጣ በግእዝ ፊደል መታተም የጀመረው በ1975 ነው። በ1991 ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ከተመረጠ በኋላ፣ አፋን ኦሮሞ በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ሆነ።

ከእኛ እጅግ በምትርቀው በሐዋይ ደሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የሐዋይ ቋንቋ በ1822 ለማተሚያ ቤት በቅቶ ብዙ ጋዜጣ ታተመበት። በ1896 ግን ሕግ ማስተማሪያውን እንግሊዝኛ አደረገው። በ1978 ቋንቋው በሕገ መንግሥት እንደ ገና ሲከበር፣ በቤታቸው የሚናገሩት ልጆች በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ። አፋን ኦሮሞን ከዚህ ዕጣ ያዳነው የእናቶችና የአያቶች አንደበት ነው፤ ትምህርት ቤት በሩን ቢዘጋበትም ከምድጃው ዳር አልተለየምና።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ የየሰፈራችንን ወንዝና ኮረብታ ስም ትርጉም ከሽማግሌዎች ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። አስቴር ጋኖም ሥራዋን የጀመረችው የሰማችውን በመጻፍ ነበር።