አምስት ፈዳን በአርባ ዓመት ክፍያ
የግብፅ ገበሬ መሬት የገዛበት ታሪክ

 

ለም መሬት፣ ትንሽም ብትሆን የራስ የሆነች፣ ዋጋዋ በየመከሩ ጥቂት በጥቂት የሚከፈል፣ ለልጅ የምትተርፍ። ይህን የማይመኝ ገበሬ የለም። በዛሬው ዝግጅታችን የምናወሳው መንግሥት ራሱ ሻጭ ሆኖ ይህ ምኞት የተሞከረበትን አገር፣ የዓባይን ውሃ የምትጠጣዋን ግብፅን ነው። ክፍያው «ቀላል ነው» ተባለ። ለማን ቀለለ? መቼስ ቀለለ?

በግብፅ የሚታረሰው ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ጠባብ መሬትና ወንዙ ወደ ባሕር ሲገባ የሚከፋፈልበት ዴልታ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው በረሃ ነው። መሬቱ በመስኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያፈራ በስስት ይታያል። የሚለካው በፈዳን ነው፤ አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ትንሽ የሚያንስ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1952 ድረስ ከባለመሬቶቹ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት የእርሻውን ሲሶ ያህል ይዘው ነበር። ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ደግሞ እያንዳንዳቸው ከአምስት ፈዳን በታች ነበራቸው። ምንም የሌለው ገበሬ ከባለርስቱ ይከራያል ወይም በቀን ሥራ ያድራል።

መሬትን ቆራርሶ በክፍያ የመሸጥ ሐሳብ ያኔ አዲስ አልነበረም። የኸዲቭ ኢስማዒል ሰፋፊ እርሻዎች በዕዳ ከተያዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ በአንድ ኩባንያ አማካይነት ተሸጠዋል። ነገር ግን አብዛኛው የገባው ገንዘብ ባላቸው ሰዎችና ድርጅቶች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ለትንሹ ገበሬ የሚያበድር የእርሻ ባንክ ተቋቋመ። ብድሩ ወለድ ነበረበት፤ ዋስትናውም መሬቱ ነበር። ገበሬው መክፈል ሲያቅተው መሬቱን ማጣት ሆነ። በዚህም የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1912 «የአምስት ፈዳን ሕግ» የሚባለው ወጣ፤ ከአምስት ፈዳን የማይበልጥ መሬት ያለው ገበሬ በዕዳ ምክንያት መሬቱ እንዳይወሰድበት ከለከለ። መልካም ሕግ ነበር። ሆኖም መሬቱን ማስያዝ ያልቻለ ገበሬ ከባንኩ ብድር ማግኘት አቃተው፤ ወደ መንደሩ አራጣ አበዳሪም ተመለሰ። የሪባ ነገር በአንድ በር ሲያስወጡት በሌላው ይገባል።

መኮንኖቹ ንጉሥ ፋሩቅን በሐምሌ 1952 ካስወገዱ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ መስከረም 9 ቀን፣ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ታወጀ። አንድ ሰው ከ200 ፈዳን በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ለልጆቹ እስከ 100 ፈዳን መጨመር ይችል ነበር። ትርፉ ለአራሹ ከሁለት እስከ አምስት ፈዳን እየተደረገ እንዲሸጥ ታዘዘ። አዎ፣ እንዲሸጥ ነው የታዘዘው። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን የመንግሥት አድርጎ መሸጥና መለወጥን ስለከለከለ፣ ብዙዎቻችን የግብፁንም እንደዚያ በነፃ የታደለ እናስበዋለን። አልነበረም።

ዋጋው እንዴት ተተመነ? የመሬቱ ዓመታዊ ኪራይ የግብሩ ሰባት እጥፍ ነው ተባለ፤ ዋጋው ደግሞ የኪራዩ አሥር እጥፍ። ለባለርስቱ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቦንድ ተከፈለው። ገዢው ገበሬ በዚያ ዋጋ ላይ ለወጪ ተብሎ 15 ከመቶ ይጨመርበታል፤ በየዓመቱም 3 ከመቶ ወለድ አለበት፤ ሁሉንም በ30 ዓመት ይከፍላል። ለምሳሌ መሬቱ 200 ጁነይህ (የግብፅ ፓውንድ) ቢተመን፣ ወጪው ሲታከልበት 230 ይሆናል። ወለዱን ትተን ዋናውን ብቻ ብናካፍል በየዓመቱ ከ7 ጁነይህ በላይ ነው። ወለዱን ስትጨምሩበት ሸክሙ ይታያችኋል።

ክፍያው የሚሰበሰብበት መንገድም ራሱን የቻለ ነገር ነው። መሬት ያገኘ ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆን ግዴታው ነበር። ማኅበሩ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጣል፤ የትኛው ማሳ ጥጥ፣ የትኛው ስንዴ፣ የትኛው በርሲም የተባለውን የከብት መኖ እንደሚዘራ ይወስናል። የአንዱ ገበሬ መሬት ብዙ ጊዜ በሦስት ቦታ የተከፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁራሽ በሰፊው የጋራ ማሳ ውስጥ ተራውን እየጠበቀ ይዘራል። ጥጡ ሲለቀም ማኅበሩ ይረከባል፣ ይሸጣል፤ የመሬቱን ክፍያ፣ የዘሩንና የማዳበሪያውን ዕዳ ቀንሶ የተረፈውን ለገበሬው ይሰጣል። ምርቱ በዚህ አሠራር አልወደቀም፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ባለመሬት የተባለው ሰው በገዛ ማሳው የሚዘራውን አይመርጥም፤ ሚዛኑንም የሚይዘው ሌላ ነው።

ክፍያው ከበደ፤ መንግሥትም ይህን በሥራው አመነ። እ.ኤ.አ. በ1958 ጊዜው ወደ 40 ዓመት ተራዘመ፤ ወለዱ ወደ 1.5 ከመቶ፣ የወጪው ጭማሪም ወደ 10 ከመቶ ወረደ። በ1961 የዋጋው ግማሽ ተሰረዘ። በ1964 ገበሬው የዋጋውን ሩብ ብቻ፣ ያለ ወለድ፣ በ40 ዓመት እንዲከፍል ተወሰነ። በቅድሙ ምሳሌያችን የ200 ጁነይህ ሩብ 50 ነው፤ ለአርባ ዓመት ሲካፈል በዓመት አንድ ጁነይህ ከሩብ። ወለዱ የተነሳው በፈትዋ ሳይሆን በሶሻሊዝም ዘመን በወጣ ሕግ ነው። ቢሆንም «ያለ ወለድ መሬት ለድሃ መሸጥ አይቻልም» ለሚል ሰው ይህ ታሪክ የታየ መልስ ነው።

የውርስ ጉዳይስ? ሕጉ መሬቱ ከአምስት ፈዳን በታች እየተሸራረፈ እንዳይከፋፈል ደንግጎ ነበር። የሸሪዓው ውርስ ግን ለሚስትም ለሴት ልጅም ድርሻ አለው። በተግባር ቤተሰቦች መሬቱን እንደየድርሻቸው ተካፍለው አረሱ፤ ድንጋጌው ብዙም አልተሠራበትም።

ከሁሉ የተረሳው የቀን ሠራተኛው ነው። መሬቱ ሲታደል ቅድሚያ ያገኘው ቀድሞ በኪራይ ያርሰው የነበረው ነው። በመላ አገሪቱ የተከፋፈለው መሬት ከሚታረሰው ከመቶ 12 ገደማ ብቻ ስለነበር፣ ለሁሉ አልደረሰም። ለቀሩት ጭሰኞች የተደረገላቸው ኪራዩን በግብሩ ሰባት እጥፍ መገደብና በቀላሉ እንዳይነቀሉ መከልከል ነበር። ይህም በጊዜው ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ልጅ ከአባቱ የኪራይ መሬቱን ይረከብ ነበርና፣ ብዙዎች የራሳቸው ያህል ቆጠሩት።

እ.ኤ.አ. በ1992 ግን 96 ቁጥር ሕግ ወጣ። ኪራዩ ወደ ግብሩ 22 እጥፍ ከፍ አለ፤ አምስት ዓመት ከተጠበቀ በኋላም በጥቅምት 1997 ባለርስቱ መሬቱን መልሶ እንዲወስድ ወይም በገበያ ዋጋ እንዲያከራይ ተፈቀደለት። በየመንደሩ ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። በአርባ ዓመት ኪራይ ያንኑ ማሳ ሲያርስ የኖረው ቤተሰብ በእጁ የሚያሳየው የባለቤትነት ወረቀት አልነበረውም። በክፍያ የገዛው ጎረቤቱ ግን ያቺን ዓመታዊ አንድ ጁነይህ ከሩብ የከፈለበትን ደረሰኝ አውጥቶ ማሳየት ይችል ነበር።