ሥራ ፈላጊው ወታደር፦ ከአናኮስቲያ እስከ ጦላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማከብራቸውን ጎረቤቴን አጅቤ በሰሜን ቨርጂኒያ ወደሚገኝ የሥራ ፈላጊዎች ማዕከል ሄጄ ነበር። ጎረቤቴ በደርግ ዘመን በነበረው ሠራዊት የሻምበልነት ማዕረግ የደረሱ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ልጃቸው አሜሪካ ካስመጣቻቸው በኋላ ቤት መዋል ያንገበገባቸው ሰው ናቸው። በሰፈራችን ያለ አበሻ ሁሉ «ሻምበል» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም እንዲሁ። የመኪና ማቆሚያም ቢሆን፣ የጥበቃም ቢሆን፣ የተገኘውን ልሥራ ብለው ነው የመጡት። እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ።

ቅጹን መሙላት ጀመርን። ስም፣ አድራሻ፣ የትምህርት ደረጃ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ በውትድርና ያገለገሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ሻምበል ሳያቅማሙ «አዎን በል፤ አሥራ አራት ዓመት» አሉኝ። ከመስኮቱ ማዶ የነበረችው ሠራተኛ በትሕትና እንዳስረዳችን ግን ጥያቄው የሚመለከተው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለውን ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከሌላው ሥራ ፈላጊ ቅድሚያ የሚሰጥ ሕግ አለ፤ ጉዳዩን የሚከታተልለትም ራሱን የቻለ ባለሙያ ተመድቧል። ተርጉሜ ነገርኳቸው። ሻምበል ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የሚጠይቁኝ መዋጋቴን ነው ወይስ ለማን እንደተዋጋሁ?» አሉኝ። ይህንን አልተረጎምኩትም።

ጥያቄው ግን አብሮኝ ቆየ። ያች በቅጹ ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን ከየት መጣች? እኛስ አገር እንዲህ ያለች ሣጥን ለምን አልኖረችም? ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንን ስፈልግ ያገኘሁትን ነው። የአሜሪካውን ዘመን በእነርሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር።

አሜሪካ የሥራ ማገናኛ መሥሪያ ቤት ያቆመችው ደግ መንግሥት ስለነበራት አይደለም። በክፍለ ግዛት ደረጃ ኦሃዮ በ1890 ጀምራዋለች። የፌዴራሉ መንግሥት በስፋት የገባበት በ1918፣ ለጦርነቱ ፋብሪካዎች የሰው ኃይል ለማቅረብ ነበር። ጦርነቱ አለቀና ወታደሩ ወደ አገሩ መመለስ ሲጀምር፣ ይኸውም ቢሮው ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት በ1919፣ ምክር ቤቱ በጀቱን ቆርጦ አብዛኞቹን ቅርንጫፎች አዘጋቸው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲፈልግ ቢሮ ተከፈተ፤ ሠራተኛው ሥራ ሲፈልግ ተዘጋ።

የዚህ ውጤት በ13 ዓመቱ ዋሽንግተን ድረስ መጣ። በ1924 የወጣ ሕግ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች በአገር ውስጥ ላገለገሉበት ቀን 1 ዶላር፣ በባሕር ማዶ ላገለገሉበት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም እንዲታሰብላቸው ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ለአብዛኞቹ የተሰጣቸው ገንዘብ ሳይሆን በ1945 የሚመነዘር ወረቀት ነው። በ1932 የኢኮኖሚው ውድቀት ሥራ ያሳጣቸው ዘማቾች «ዛሬ እየተራብን የ1945 ወረቀት ምን ይሠራልናል?» ብለው ተነሡ። ከኦሪገን የተነሣውን ቡድን የመራው ዋልተር ዎተርስ የተባለ ሥራ ያጣ የቀድሞ ሳጅን ነበር። በጭነት ባቡር እየተንጠላጠሉ ከየማእዘኑ የመጡት ዘማቾች ወደ 20 ሺሕ ተጠግተው ነበር ይባላል። ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው አናኮስቲያ ወንዝ ዳር በቆርቆሮና በካርቶን ጎጆ ሠርተው ሰፈሩ። ጥቁሩና ነጩ ዘማች ጎን ለጎን ያደረበት ሰፈር ነበር፤ የወቅቱ የአሜሪካ ጦር እንኳ እንዲህ አላደረገም።

የተወካዮች ምክር ቤት ክፍያውን አጸደቀ፤ ሴኔቱ ጣለው። ሐምሌ 28 ቀን ፖሊስ ሁለት ዘማቾችን በጥይት ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ ዊሊያም ሁሽካ ከሊትዌንያ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ መቃብሩ ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በአርሊንግተን ወታደራዊ መካነ መቃብር ይገኛል። በዚያው ቀን ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር እግረኛ፣ ፈረሰኛና ታንክ አሰልፈው ዘማቾቹን በአስለቃሽ ጭስ አባረሩ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ወንዙን እንዳይሻገሩ ያስተላለፉትን መመሪያ ሳይሰሙ ተሻግረው ሄዱ፤ ሰፈሩም በእሳት ጋየ። በነጋታው ጋዜጣ የገለጠ አሜሪካዊ ያየው የራሱ ጦር የራሱን ዘማች ሲያሳድድ ነው። እኛ ይህን ዓይነቱን ሥዕል ስለለመድነው አይደንቀን ይሆናል። እነርሱን ግን አስደነገጣቸው፤ በዚያ ዓመት ምርጫም ሁቨር ክፉኛ ተሸነፉ።

የኒውዮርኩ ሴናተር ሮበርት ዋግነር የሥራ ማገናኛ ቢሮዎችን በመላ አገሪቱ ለመዘርጋት ያቀረቡትን ሕግ ሁቨር በ1931 አልፈርምም ብለው ጥለውት ነበር። ሩዝቬልት በ1933 ሥልጣን እንደያዙ ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ሰኔ 6 ቀን 1933 የዋግነር-ፔይዘር ሕግ ተፈረመ፤ ዘማቾችን የሚመለከት አገልግሎትም ከመነሻው በሕጉ ውስጥ ገባ። ሻምበልን ያሰናከለቻቸው ሣጥን ሥሯ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ዘማቾቹ ዳግመኛ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ ሩዝቬልት ታንክ አላሰለፉም፤ ባለቤታቸውን ኤሌኖርን ላኩ፤ ከዚያም ለሥራ አጥ ወጣቶች በተከፈተው የደንና የአፈር ጥበቃ ዘመቻ ውስጥ 25 ሺሕ ቦታ ለዘማቾች ፈቀዱ። ሩዝቬልት ከሁቨር ይልቅ ሩኅሩኅ ስለነበሩ ነው የሚል ብዙ አለ። እኔ ግን የአናኮስቲያን ጭስ ስላዩ ነው ባይ ነኝ። ለነገሩ ያንኑ ክፍያ እርሳቸውም ቢሆኑ ተቃውመውታል፤ በ1936 የተከፈለው ምክር ቤቱ የእርሳቸውን ተቃውሞ ሽሮ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩ ከመመለሱ በፊት፣ ሰኔ 22 ቀን 1944 የወጣው ጂ. አይ. ቢል የተሰኘው ሕግ የዚህ ሁሉ ትምህርት ውጤት ነው። ለተመላሹ የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤትና የንግድ ብድር ዋስትና፣ ሥራ እስኪያገኝ እስከ 52 ሳምንት ድረስ በሳምንት 20 ዶላር፣ እንዲሁም የሥራ ምክርና ምደባ ይሰጥ ነበር። በ1947 ከኮሌጅ ተማሪው ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደር ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ማንም አሞጋሽ በጥድፊያ የሚያልፋት አንዲት ገጽ አለች። ሕጉ ሲረቀቅ የምክር ቤቱን የዘማቾች ኮሚቴ የመሩት የሚሲሲፒው ጆን ራንኪን ነበሩ፤ ዘረኝነታቸውን የማይደብቁ ሰው ናቸው። የሕጉ አፈጻጸም በየአካባቢው ሰዎች እጅ እንዲሆን አጥብቀው ታገሉ። ሕጉ ጥቁርና ነጭ የሚል ቃል የለውም፤ መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን የዚያው አካባቢ ሰው ነው። በሚሲሲፒ እስከ ጥቅምት 1946 ድረስ ቢሮው ወደ 6,500 የሚጠጉ የቀድሞ ወታደሮችን ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ መድቦ ነበር። ሙያና ከፊል ሙያ ከሚጠይቀው ሥራ 86 በመቶውን ነጮች፣ ሙያ ከማይጠይቀው 92 በመቶውን ጥቁሮች አገኙት። በጦሩ ውስጥ መካኒክነት የተማረው ጥቁር ወታደር መጥረጊያ ተሰጠው ማለት ነው። ያው ሕግ፣ ያው ቅጽ፣ ያች ሣጥንም ምልክት ተደርጎባታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለድሃ ወጣቶች ጆብ ኮር የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ በ2025 መንግሥት ብዙዎቹን ማሠልጠኛዎች ለማቆም ሲነሣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1998 ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የተበታተኑትን አገልግሎቶች በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ፤ በ2002 የወጣው ሕግ ለዘማች የሚሰጠውን ቅድሚያ አጠናከረ፤ በ2014 ደግሞ ኦባማ የ1998ቱን የሚተካ ሕግ ፈረሙ። እኔና ሻምበል የቆምንበት ማዕከል የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ «ራስህ ፈልግ» ማለት የሚቀናው ጊዜም አለ። ቢሆንም ሪፐብሊካን መጣ ዴሞክራት፣ የ1933ቱ መሠረት አልፈረሰም።

አሁን ወደ ጓዳችን ልግባ። የእኛ አገር የሥራ ማገናኛ ታሪክ ከሚታሰበው ይረዝማል። የደርግ የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ቀጣሪ ሠራተኛ የሚያገኘው በመንግሥት ሥራና ሠራተኛ አገናኝ በኩል እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣውንም መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ከ1985ቱ አዋጅ በኋላ ቀጣሪው በራሱ መቅጠር ቻለ፤ ቢሮው ካርድ የሚያወጣበት ቦታ ሆኖ ቀረ። የአዲስ አበባ ልጅ ሥራ የፈለገው በአራት ኪሎ አጥር ሥር ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ፣ አለዚያም በዘመድ ነው።

ወታደሩስ? በግንቦት 1983 ያ ግዙፍ ሠራዊት ሲፈርስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ባንድ ጊዜ ከነመለዮው ሜዳ ላይ ወደቀ። በማግሥቱ ወር ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ የሚሆን ኮሚሽን ተቋቋመ። ብዙው ወታደር እንደ ጦላይ ባሉ ካምፖች አልፎ፣ ፖለቲካ ተምሮ፣ ወረቀት ተቀብሎ ተሸኘ። ወደ ገጠር የተመለሰው የእርሻ መሬት፣ ዘርና በሬ እንዲያገኝ ተሞከረ፤ ለከተማው ሥልጠናና ብድር ታሰበለት። ኮሚሽኑ ከነጉድለቱ ብዙ ሠርቷል፤ ይህንን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ዐይናችን ያየውንም መካድ አይቻልም። ክራንች ተደግፎ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የለመነው ወታደር የማን ወታደር ነበር? መንግሥት የወደቀ ዕለት የእርሱ አገልግሎትም አብሮ እንደወደቀ ነው የተቆጠረው። ስሙን እንኳ ተመልከቱ። «አርበኛ» የሚለው ቃል ጣሊያንን ለተዋጉት አባቶች ተቀመጠ። ለእርሱ የተረፈው «የቀድሞው» የሚል ቅጽል ነው፤ ከዚያ «ተመላሽ»፣ ከዚያ «ተቀናሽ»። አገር ያገለገለ ሰው በአማርኛችን የሚጠራው በተቀነሰበት ቀን ነው።

ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1992 ሲያበቃ ከመቶ ሺሕ በላይ ወታደር በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቀነሰ። ያ ሌላ ፕሮጀክት ነበር። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በ2015 የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በበርካታ ክልሎች ከ370 ሺሕ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ በኅዳር 2017 በትግራይ ሥራ ጀመረ። ይህም ሌላ ተቋም ነው። በ2009 ለወጣቱ የተመደበው የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድም የመጣው የ2008ቱ ተቃውሞ አገሩን ካንቀጠቀጠ በኋላ እንደሆነ እናስታውሳለን። በፍርሃት መነሣታችን ነውር የለበትም፤ አሜሪካኖቹም በፍርሃት ነው የጀመሩት። እነርሱ ግን ፍርሃታቸው ሲበርድ መስኮቱን ክፍት ተዉት። እኛ በየጦርነቱ ማግሥት አዲስ ኮሚሽን እናቆማለን፤ ዘመኑ ሲያልቅ እንዘጋለን፤ የሚቀጥለው ተመላሽ ሲመጣ መዝገቡ ከባዶ ይጀምራል። በሦስቱም ጊዜ የተቀነሰው ሰው ወረዳው ሄዶ «ወታደር ነበርኩ» ቢል የሚጠብቀው ቋሚ ሣጥን አልተዘጋጀለትም።

አዎን፣ የአሜሪካዋም ሣጥን ለማን እንደተዋጋህ ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ግን ለየትኛው አገር እንደሆነ ነው፤ በየትኛው ፕሬዚዳንት ዘመን እንደሆነ አትጠይቅም። በቬትናም የተዋጋውም፣ ኢራቅ የዘመተውም፣ ጦርነቱን የጠላም የወደደም፣ በአንዲት መስመር ላይ ነው ምልክት የሚያደርገው።

ወደ ሻምበል ልመለስ። ሠራተኛዋ በዚያች ሣጥን ልትረዳቸው ባትችልም አልተወቻቸውም። «ይህ እንደ ወታደራዊ አገልግሎት ባይቆጠርም የሥራ ልምድ ነውና በሥራ ልምድ ክፍል እንጻፈው» አለች። ስንት ሰው ይመሩ ነበር? አለች፤ ሻምበል ነገሯት። ስንቅና ትጥቅ ማን ይቆጣጠር ነበር? እርሳቸው። ሪፖርት ማን ይጽፍ ነበር? እርሳቸው። እየተየበች ሄደች፤ በናቅፋ ተራራ ላይ ያለፈው ዕድሜ አንድ በአንድ የመጋዘንና የሰው ኃይል አስተዳደር ሆነ። ሻምበል ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ የጦላይ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እርሷም አማርኛውን ባታነብም ማኅተሙን አየት አድርጋ በአክብሮት መለሰችላቸው።

መጨረሻ ላይ ሁለት ክፍት ቦታዎች ቀሩ። አንደኛው የአሠሪው ስልክ ቁጥር ነው፤ አለፍነው። ሁለተኛው ሥራውን የለቀቁበት ምክንያት ይላል። ተረጎምኩላቸው። ሻምበል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡና፣

«ድርጅቱ ፈረሰ ብለህ ጻፍ» አሉኝ።